ያላቀበልኩት ስልክ

ነጋዴ ብልህ ከሆነ ዕቃውን አሳይቶ፣ አስነክቶ፣ አስወድዶ ነው ዋጋውን የሚናገረው። እኔ ዛሬ ዋጋውን ላስቀድም። ይህ ነገር አንድ ሱቅ ከነደንበኞቹ ወስዶብኛል። አንድ ወዳጅ ወስዶብኛል። ስልክ ሲጮህ ሳልደነግጥ ማንሳትንም ወስዶብኛል። ከኪሴ የወጣው የአንድ ዶሮ ዋጋ ብቻ ስለሆነ እሱን አልቆጥረውም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ጆሃንስበርግ የገባሁት ከሰባተኛ ክፍል ያልዘለለ ትምህርትና ብዙ ምላስ ይዤ ነው። ዮቪል ውስጥ ለብዙ ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ቀን ቀን ቀበቶና ካልሲ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ዞሬ ሸጫለሁ። ከዚያ ክሊፕታውን ላይ ከሆሳዕናው ልጅ ከላምቦሬ ጋር ጠረጴዛ ዘረጋን። ሁለት ጊዜ ተዘረፍን፤ በሁለተኛው ዘራፊዎቹ እንደ ደንበኛ ሰላም ብለውን ነው የጀመሩት። በመጨረሻ ሮዘተንቪል ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ነጭ ጋራዥ ተከራይተን ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፈትን። ዳቦ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ኤርታይም የሚሉት የስልክ ካርድ፣ በነጠላ የሚሸጥ ሲጋራ። በፍርግርግ ብረቱ መሃል እጃችንን እያሾለክን እንሸጣለን። ደንበኛው ሁሉ እኔንም ላምቦሬንም የሚጠራን «ማይ ፍሬንድ» እያለ ነው። በዚያ ሰፈር ስሜን የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የጋራዡ ባለቤት።

ሌን ይባላሉ። እኛ ጋሽ ሌን አልናቸው። «ጋሽ» ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው፣ «በሕይወቴ ማዕረግ ያገኘሁት ከጋራዥ ተከራይ ነው» ብለው ሳቁ። ዘጠናን ያለፉ፣ ረጅም፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያለ አውስትራሊያዊ ናቸው። ከእጃቸው ጣቶች አንዱም ቀጥ ያለ የለም። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ከሰዓት በኋላ ሱቃችን በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጡና፣ ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በዙሉ «ሳውቦና» እያሉ ሰላም ይላሉ። በወጣትነታቸው እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ግን አይደለም።

«እንዴት ያለ ኳስ ነው?» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«እንቁላል የመሰለ። በእጅም በእግርም ነው። በአንድ ወገን አሥራ ስምንት ሰው።»

«ዳኛው ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ይይዘዋል?»

«አይይዘውም።»

ጎሉ አራት ቋሚ አለው። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ያስገባ ስድስት ነጥብ ያገኛል። በጎን በኩል የሳተ ወይም ቋሚውን የመታ ደግሞ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል።

«ስቶ?» አልኩ።

«ስቶ።»

«ጋሽ ሌን፣ ለሳትኩት የሚከፈለኝ ንግድ ካለ እኔንም ያስገቡኝ።»

የእሳቸው ሙያ መውጣት ነበር። ኳሷ ከሰማይ ስትመጣ ከፊታቸው ያለውን ሰው በጉልበታቸው ጀርባው ላይ ወጥተው፣ ከሁሉ በላይ ሆነው ይቀልቧታል። ይህን ሲያወሩ ከሳጥኑ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ብድግ ይላሉ፤ ላምቦሬ እንዳይወድቁ ሮጦ ይደግፋቸዋል። ያኔ ኳስ እንጀራ አልነበረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የባቡር ጥገና ቤት ውስጥ ብሎን ሲያጠብቁ ይውላሉ። ቅዳሜ እጅጌ በሌለው ማሊያ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ስማቸውን ይጠራዋል። ሰኞ ጠዋት አለቃቸው ለምን ዘገየህ ይላቸዋል። እኔ ሰው ስለ ድሮው ሲያወራ የምሰማው ሻጭን እንደምሰማ ነው፤ ግማሹን ቀንሼ። የጣቶቻቸውን ግን መቀነስ አልቻልኩም።

በየቀኑ ከሳጥኑ ሲነሱ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ከአውስትራሊያ ተደወለ?»

ሮይ የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው። አብረው ለአንድ ቡድን ተጫውተዋል። በአንድ ጨዋታ ምክንያት ተጣልተው፣ ጋሽ ሌን ወደዚህ መጥተው የወርቅ ማዕድን ውስጥ ሥራ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ባለፈው ገና ግን ካርድ ላኩለት። የቤታቸውን የስልክ መስመር መዳብ ፈላጊዎች ቆርጠው ስለወሰዱት፣ ካርዱ ላይ የጻፉት የእኔን ቁጥር ነው። እኔም በየቀኑ «አልተደወለም ጋሽ ሌን» እላለሁ። እሳቸውም «ግትር ነው፤ ከእናቴ ነው የወረሰው» ብለው ይገባሉ። የራሳቸውን ግትርነት ከማን እንደወረሱት ግን አይናገሩም።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ረጅም የውጭ ቁጥር ደወለ።

ሴት ናት። ሄለን እባላለሁ፣ የሮይ ልጅ ነኝ አለች።

«አባቴ በጣም ታሟል። ሆስፒታል ነን። አጎቴ ሌን ሊደውልልን ይችላል? ዛሬ፣ በተቻለ ፍጥነት።»

ከዚያ አለቀሰች፤ በደንብ አለቀሰች። «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ዘጋች።

ስልኩን ይዤ ወደ ቤቱ ጓሮ ሄድኩ። ጋሽ ሌን የቀትር እንቅልፋቸውን ተኝተዋል። መስኮቱ ጋ ቆሜ የተከፈተ አፋቸውን አየሁ። ተመለስኩና ለላምቦሬ ነገርኩት።

ላምቦሬ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «አለቀሰች?»

«በጣም።»

«አልቋላ ተክሌ! ለታመመ ሰው እንዲህ ይለቀሳል? እኔን ‹አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል› ሲሉኝ ተቀብሮ ሦስት ወር ሆኖት ነበር።»

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ማነው በስልክ «ሞተ» የሚለው? «በጣም ታሟል» ይባላል፣ ከዚያ የቅርብ ሰው ተፈልጎ ነገሩ ይሰጠዋል። እዚህ አገር የጋሽ ሌን የቅርብ ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ መርዶው ለእኔ ነው የተላከው ብዬ ደመደምኩ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ አይገባችሁም። እናቴ ያረፈች ጊዜ የአክስቴ ልጅ በድምፅ መልእክት ነው የነገረኝ። ጅምላ መሸጫው ውስጥ ሰልፍ ይዤ፣ የዘይት ካርቶን ትከሻዬ ላይ እንዳለ ከፍቼ ሰማሁት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ዘይቱን ልሰርቅ መስሎት በቆመጥ ጎሸም አደረገኝ። የያዘኝ ሰው የለም፣ «አይዞህ» ያለኝ የለም፤ ከኋላዬ ያሉት ተራ እንዳላበላሽ ነው የጮሁት። ያን ቀን፣ በእኔ እጅ የሚያልፍ መርዶ ካለ በወጉ ነው የሚያልፈው ብዬ ማልኩ። በማለዳ፣ ትልቅ ሰው ይዞ፣ ሰውየው ማታውን በልቶ አድሮ፣ ከጎኑ የሚይዘው ሰው ተቀምጦ።

ለዕድራችን ዳኛ ለአቶ ወርቁ ደወልኩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጆቻቸው ያመጧቸው፣ በሐዘን ቤት አነጋገር የታወቁ ሰው ናቸው። «ነጭም ቢሆን ሰው ነው፤ ለነገ ማለዳ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ እመጣለሁ» አሉኝ። «ዛሬ ፊትህን አታጥቁርባቸው። እህል ቀምሰው ይደሩ።»

ነገሩን በግልጽ የተናገረችኝ የጋሽ ሌንን ቤት የምታጸዳው ሲስ ኖምሳ ብቻ ናት፤ ሲስ እህት ማለት ነው። ኩሽና ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ነገርኳት።

«ሃው! ታዲያ ስልኩን ለምን አትሰጣቸውም?»

«በእኛ ባህል እንዲህ አይደረግም።»

«እሳቸው የእናንተ አገር ሰው ናቸው?»

«አይደሉም፤ ግን...»

«ወንድሙ የማነው? የአንተ ነው?»

እጇን በፎጣ እየጠረገች አየችኝ። እኔም ሴት ሲያስጨንቀኝ እንደማደርገው፣ ደንበኛ ቆሞብኛል ብዬ ወጣሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የተጠበሰ ዶሮ ገዝቼ ገባሁ። ጋሽ ሌን ሲያዩኝ ተደነቁ። ነጋዴ በነፃ ሲሰጥ ማን አይደነቅም?

«ኪራይ ልታስቀንስ ነው የመጣኸው?»

«ይብሉ ብቻ ጋሽ ሌን።»

«ለበዓል እንደሚታረድ በግ ነው የምትቀልበኝ።»

ጭናቸው ላይ ሳህኑን እንዳስቀመጥኩላቸው ስልኬ ጮኸ። ያው ረጅም ቁጥር። ወደ ጓሮ ወጥቼ አነሳሁት። በመስኮቱ ጋሽ ሌን የዶሮ እግር ሲግጡ ይታዩኛል።

«ነገርካቸው?» አለች ሄለን።

«ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። በወጉ ነው የማደርገው፤ አታስቢ።»

«ነገ? ነገማ ሊረፍድ ይችላል!»

ለቀብር አይደርሱም ብላ የተጨነቀች መሰለኝ። «አይረፍድም። አንቺ ጽኚ» አልኳት፤ በምችለው እንግሊዝኛ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» አለችኝ። ያን ምስጋና እስካሁን የማኖርበት ቦታ አላገኘሁለትም።

ስመለስ ጋሽ ሌን ጣታቸውን እየጠረጉ፣ «ከአውስትራሊያ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። የስኳር አቅራቢው ነው።»

ይህን ስል ዓይኔን አላሸሁም። ገበያ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ምግቡ ልባቸውን ከፈተው መሰለኝ፣ ያን ምሽት ስለ መጨረሻው ጨዋታ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ስለ መውጣቱ እንጂ ስለ መውረዱ አውርተውኝ አያውቁም።

«የዋንጫው ቀን ነው» አሉ። «በሁለት ነጥብ እየተመራን፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ኳሷን ከሰው ትከሻ ላይ ቀለብኳት። ጎሉ ከእኔ ሩቅ ነው፤ አንግሉም መጥፎ ነው። ሮይ ጎሉ ፊት ብቻውን ቆሟል። እጁን ዘርግቶ ይጮሃል። ማቀበል ብቻ ነበር።»

«አላቀበሉትም?»

«ሕዝቡ የሚጠራው የእኔን ስም ነበር ተክሌ። ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ከሰማኸው ሌላ አይሰማህም። መታሁ። ቋሚው ጓ! አለ። አንድ ነጥብ። ደወሉ ተደወለ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።»

«ከዚያስ?»

«መልበሻ ክፍል ውስጥ ሮይ መጣ። አልተሳደበም። ‹ለምን አላቀበልከኝም?› ብቻ ነው ያለኝ። መልስ ስላልነበረኝ በቦክስ መታሁት። ቡድኑ ሁሉ እያየ። ወንድሜን። ከዚያ ይቅርታ ከመጠየቅ ባሕር ተሻግሮ ጉድጓድ መግባት ቀለለኝ።» ሳህኑን መለሱልኝ። «እዚህ ደግሞ የእኔን ጨዋታ የሚያውቅ የለም። ሌን የሚባል ተጫዋች እንደነበረ የሚመሰክር፣ በዓለም ላይ የቀረኝ አንድ ሰው እሱ ነው። እሱም የመታሁት ሰው ነው።»

«አሁን ቢደውል ምን ይሉታል?»

ፈገግ አሉ። «መልሱን አግኝቼዋለሁ። ዕድሜዬን ነው የፈጀብኝ፤ ግን አግኝቼዋለሁ።»

«ምንድን ነው?»

«ለእሱ ነው የምነግረው። ለአንተ ምን ያደርግልሃል?»

ልናገር አፌ ደርሶ ነበር። ወንድምዎ አርፈዋል ልል። ግን ብቻቸውን ናቸው፤ ሌቱን ብቻቸውን ሊያነጉት ነው፤ የዘይት ካርቶኑ ትዝ አለኝ። «ደህና ይደሩ» ብዬ ወጣሁ። የምናገረው ነገር ራሱ ስህተት ይሆን እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ግን ስህተቱ ቢያንስ ስልክ ያስደውላቸው ነበር።

በማግስቱ ገና ሲነጋ አቶ ወርቁ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት የዕድር ሰዎች ነጠላ ለብሰው መጡ። ላምቦሬ ጴንጤ ቢሆንም ለወጉ ከረቫት አስሮ ተገኘ። አንኳኳን። ጋሽ ሌን በቢጃማ ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን።

«ሱቁ ተዘረፈ?»

«አልተዘረፈም።»

«ታዲያ ማንን ልትቀብሩ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ገባን፤ በሁለቱም ጎናቸው ተቀመጥን። አቶ ወርቁ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ በአማርኛ ተናገሩ፤ እኔ አሳጥሬ ተረጎምኩ። ከዚያ እጃቸውን ያዝኩና፣ «ጋሽ ሌን፣ ወንድምዎ ሮይ አርፈዋል» አልኩ።

እንባቸው ሲወርድ እንኳ ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም።

«መቼ?»

«ትናንት፣ ከቀትር በፊት።»

«ማታ ስታበላኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ብቻዎን ሆነው እንዲሰሙት አልፈለግኩም።»

ያ ጠማማ ጣታቸው እጄን ጨበጠው። «ደግ ሰው ነህ ተክሌ» አሉኝ። አቶ ወርቁ በኩራት አዩኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ኮራሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር በወጉ የሠራሁ መሰለኝ።

በዚያ ኩራት መሃል ስልኬ ጮኸ።

ጋሽ ሌን ቁጥሩን አይተው፣ «አውስትራሊያ ነው፤ ክፈተው» አሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረግኩት። በእነሱ አገር ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ የሄለን ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አጎቴ ሌን? አባቴ አሁን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት አረፈ። ትናንት ደህና ይናገር ነበር። ዛሬም ጠዋት ነቅቶ ነበር። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጉልኝ ብሎ፣ ‹ሌን ደወለ? ሌን ደወለ?› እያለ... ለመናገር አቅም ቢያጣ እንኳ ድምፅህን ይስማ ብለን ነበር እኮ። ለምን አልደወልክም?»

ጋሽ ሌን ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ይቅርታ ልጄ» አሏት። «መልሼ እደውልልሻለሁ።» እኔ ዘጋሁት።

እንግሊዝኛ የማይሰሙት አቶ ወርቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምን አለች? አጽናናቻቸው?» አሉኝ። ላምቦሬ ከረቫቱን እያላላ ወለሉን ያያል።

ጋሽ ሌን ወደ እኔ ዞሩ።

«ትናንት በሕይወት ነበር?»

«እኔ... በእኛ ዘንድ ‹ታሟል› ሲባል...»

«ስልኩ በእጅህ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አላቀበልከኝም?»

ወጉን፣ እናቴን፣ ጅምላ መሸጫውን፣ ሁሉንም ልነግራቸው እችል ነበር፤ አንዱም ግን መልስ አልነበረም። እሳቸው በዚያ ቀን ወንድማቸውን በቦክስ መትተዋል። እኔ ወለሉን ነው ያየሁት። ቀስ ብለው ተነሱና፣ አንድ በአንድ አመስግነው በር ላይ ሸኙን። አቶ ወርቁ መንገድ ላይ፣ «ጠንካራ ሰው ናቸው፤ በደንብ ተቀበሉት» አሉ። ልነግራቸው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ባዶውን ቀረ። ጋሽ ሌን ከጋራዡ አላስወጡኝም፣ አልተቆጡኝም። ከሰዓት በኋላ መውጣት ብቻ ተዉ። ደንበኞቹ «ማዳላው የት አሉ?» ይሉኛል፤ ሽማግሌው ማለታቸው ነው። ከወራት በኋላ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ፤ ዓይናቸው ደህና ያያል፣ አእምሯቸውም ደህና ነበር።

«ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ» አሉኝ።

ስሜን የጠየቁኝ ሰው ናቸው። ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ።

እሳቸው ሲያርፉ ቤቱ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ጋራዥ የሚፈልገው ለመኪና ነው፤ ምን ይገርማል። ዕቃ ስናወጣ ሲስ ኖምሳ አንድ ፌስታል አቀበለችኝ። «ለተክሌ ስጪ ብለውኛል» አለች። ውስጡ ሳሎናቸው ውስጥ ይቀመጥ የነበረው እንቁላል የመሰለ ኳስ ነው፤ ቀይ ቆዳው ጠቁሯል። የዋንጫው ቀን ኳስ አይደለም፣ የልምምድ ነው፤ ይህን ራሳቸው ነግረውኝ ነበር። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አላወቅኩም። ኖምሳን ብጠይቃት፣ «ራሳቸውን ትጠይቃቸው ነበር» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወጋችን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ነገ እኔን መርዶ ቢያገኘኝ፣ አቶ ወርቁ ጋቢያቸውን ደርበው በማለዳ በሬን ቢያንኳኩ ደስ ይለኛል። ያጠፋሁት ሌላ ነው። የእኔን ቁስል በሰው ገላ ላይ ላክም ሄድኩ። ሰውየው ይፈልገው የነበረው የሚይዘው ሰው አልነበረም፤ ስልክ ነበር። ኖምሳ በአንድ ጥያቄ የጨረሰችውን፣ እኔ አራት ወንድ ሰብስቤ አልደረስኩበትም። የሰው ጥሪ በእጃችሁ ከገባ፣ ሰውየው ቢደነግጥም፣ ብቻውን ቢሆንም፣ ሳይበላም ቢሆን ስጡት። መያዙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ሁለት መንገድ አልፎ ያለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነን። ኳሷ ከስኳሩ በላይ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች። አንዳንድ ደንበኛ ዋጋዋን ይጠይቀኛል። አትሸጥም እላለሁ፤ እኔ ይህን ቃል ስናገር ላምቦሬ ሁልጊዜ ይገርመዋል።

ሂሳቡ ይኸው ነው። ጋራዡ ሄዷል። ሮይ ሞተዋል። ጋሽ ሌን ሞተዋል። መልሱን የሰማ የለም።